ሰጋቱራ

ከአባቴ ቤት ጓሮ
የፈረንጅ ጥዱን፣ ወገቡ ታስሮ፣
ዳልቻና ቦራ ቁልቁል ጀመሩት፤
ሰንሰለቱ ከረረ፤ በኮቴ ድንጋዩን ጫሩት።
የእህቴ ልጅ ሙሄ ከፊት «ሀይ! ቀስ! ወንድሜ!»
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ገመዱን በወገቤ ጠምጥሜ፣
ግንዱ እንዳይቀድማቸው፣ እንዳይሰብር እግር፤
ቁልቁለት የያዘ ግንድ አይሰማም ነገር።

ለምን ቆረጥከው ለሚል ሰው መልስ አለኝ፦
የነሐሴ ዝናብ ሥሩን ነቅሎብኝ፣
ወደ ጣራው ዘሞ ሌሊት ሌሊት ሲያቃስት
ልጆቼን ይዤ እስከ መቼ ልደር ከጎረቤት?
ደግሞም፣ አልዋሽም፣
ጣውላ ተወዷል። ጥድ ቆሞ አያበላም።

ከመስኖው ቦይ ስንደርስ ቦራ ተንበረከከ።
ሙሄ ጅራፍ አነሣ፤ መልሶ ጣለና አንገቱን አከከ።
ውሃ ጠጡ። እኛም ጠጣን።
ከታች ሐይቁ፣ እንደ አዲስ ቆርቆሮ፣ ዓይናችንን ወጋን።

አስፋልት ስንወጣ የግንዱ ድምፅ ተለወጠ፣
ነጭ መስመር እየጻፈ ልጡ ተላጠ።
አይሱዙው ጡሩንባ ነፋ፣ ባጃጁ ተሳደበ፣
የሱቁ ደጃፍ ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ።
«መኪና አልቋል እንዴ?» አለ ከመሃል አንዱ።
ሙሄ ዞር ሳይል፦ «መኪና የገንዘብ ነው፣ በሬ የዘመዱ።»

መጋዝ ቤቱ ከወፍጮው ቀጥሎ ነው፣ ጣራው ጥላሸት፣
ባለቤቱ ሸምሱ፣ በስምንት ጣት ቆጥሮ ሒሳብ የማይሳሳት።
ግንዱን ለክቶ በኖራ አሰመረ፣
ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፤ በሦስተኛው ጀመረ።
አንደኛው ሳንቃ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ፣
ሰጋቱራው በነፋስ ከንፈሬ ላይ መጣ፤
መራራ።
በሦስተኛው
ቋ! ብልጭታ።
ሸምሱ ሞተሩን ገደለ፤ ሆነ ጸጥታ።

«ጥይት ነው» አለ ሙሄ። «ያን ዓመት የተተኮሰ።»
ሁሉም አመነው፤ ማን ያላየ፣ ማን ያላለቀሰ?
ከዚያ ወዲህ ዛፎቹ እርሳስ አርግዘዋል ይላሉ፤
ሸምሱም ጣሳ ከፍቶ አሳየን፣ ሰባት አሉ።

በመሮ ፈለፈለ። ጥይት አልነበረም።
የቀጥቃጭ ችንካር ነው፤ የሱቅ ምስማር አይደለም።
አወቅሁት።
አባቴ ቀንበሩን ይሰቅልበት ነበር፣
ከባቲ ገበያ የገዛው፣ በሁለት ብር።
አንድ ክረምት ጠፋ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ።
«ሸጠህ ሸንኮራ በላህበት» አለ አባቴ።
ወላሂ አልኩ። አልመታኝም፤ ይህ ነው የከፋው።
ዝም ብሎ ቀንበሩን ወስዶ ከግድግዳው አስደገፈው።
ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጨዋታ በደራ ቁጥር፣
«ይኼ ልጅ ብረት ይበላል» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ሊሞት ሰሞን፣ አልጋው ላይ፣ በፈገግታ፣
«አሁን እንኳ ንገረኝ፤ በስንት ሸጥካት?» አለኝ ማታ።
ምን ልበለው?
«በስሙኒ» አልኩት።
ሳቀ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።
ሠላሳ ዓመት እውነቱን ብናገር ያመነኝ ጠፋ፣
አንዴ ዋሸሁና የሰውዬው ልብ ሰፋ።

ለካስ ዛፉ ነው የበላው፣ በየዓመቱ ከንፈሩን ከድኖ፤
ከዚያም ምንም እንዳልነካ ሰው ቆመ፣ በልጡ ሸፍኖ።

«ሦስት ጥርስ» አለ ሸምሱ መጋዙን ዳብሶ።
«ከዋጋው ይቀነሳል።» ሙሄ ተነሣ፣ ክርክር ደግሶ።
«ይቀነስ» አልኩ።
ችንካሯን ከነሰጋቱራዋ ኪሴ ከተትኩ።

ስንመለስ በሬዎቹ ባዶ ሰንሰለት ይጎትታሉ፣
ልክ ግንዱ እንዳለ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ።
ቤት ስንደርስ መሸ። ቀንበሩን ፈታሁ።
ችንካር በእጄ ይዤ መስቀያ አጣሁ።