የሮብ ቀጠሮ

ከቆጪ በባጃጅ፣ ዝናቡን ልቀድም ስሽቀዳደም፣
እጥፋቱ ያልለቀቀ ነጭ ጋወን ለብሼ ደረስኩ፣ ማንም ሳይመጣ በፊት፣ ማንም ሳይቀድም።
ክፍል ስድስት በር ላይ «የሕፃናት ተመላላሽ» የሚለው ጽሑፍ
«ሽ»ዋን እርጥበት በልቷት «ተመላላ» ብሎ ቀርቷል።
ውስጡ ጠረጴዛ፣ አንድ ጎማ የጎደላት መኪና፣
ዐሥራ አንድ የእርሳስ ቀለም።
ዐሥራ ሁለተኛው፣ ቀዩ፣ የለም።
«ልጆች ሲናደዱ ቀዩን ነው 'ሚጨርሱት፤
ባለቀ ቁጥር ግዢ» አለች መምህሬ ረሒማ፣
«ለዛሬ ሌላ ምክር የለኝም።»
እኔ ምክር ፈልጌ ነበር።
ስንቱን ገጽ ሸምድጄ፣ ስንቱ ቃል ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር!

ሉባባን አባቷ ከሰቃ አመጣት፣ በሰባት ዓመቷ።
«ቤት ውስጥ ወፍ ናት» አለኝ፣ «ደጅ ስትወጣ ድንጋይ።
አስተማሪዋ ስሟን ጠርታ ጠርታ ሲደክማት
መዝገቡ ላይ ‹ቀሪ› ትላታለች፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ እያየቻት።»

እኔም ጠየቅኋት። ጠየቅኋት። ጠየቅኋት።
ሰዓቱ አለቀ።
ካርዷ ላይ ጻፍኩ፦ «ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም።»
ረሒማ፣ ሁሌ ከምታደምጥበት ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ፣
«ፈቃዷን የት አየሽው? ያየሽውን ጻፊ» አለችኝ ቀስ ብላ።
ሰረዝኩት። ጻፍኩ፦ «ዐሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቅኋት።
አንዱንም አልጠበቅኋትም።»

አባቷ እንጨት ጠራቢ ነው።
በሦስተኛው ሳምንት በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሁለት በርጩማ ይዞ ገባ፣
ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫቸው እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለ።
«ዶክተር» አለኝ (አይደለሁም፤ ልነግረው ሞክሬ ትቼዋለሁ)
«ይቺ ለእሷ። አጭሯ ላንቺ።»
ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሶ፣ ጋወኔ ወለል እየጠረገ፣
ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ሆኜ አየሁት።
ቅንድቧ ሥር ጠባሳ አላት።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከላይ ሳይ አልታየኝም።

ከዚያ ዝም አልን። ዝም ማለት ሥራ ነው፤ ወገብ ያማል።
ቆርቆሮው ከዝናቡ ጋር ሲያወጋ እኛ ሥዕል ሣልን፣
እሷ በሰማያዊው፣ እኔ በተረፈኝ።
በስድስተኛው ሳምንት ውሃ ሣለች፣ ሰፊ፣ የቦዬን ውሃ፤
ከላይ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ፤
ሌላው ሁሉ ከታች፣ የማይታይ።
ጣቷን አሳረፈችበትና፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ፣
«ሮቢ» አለች።

ልቤ ዘለለ።
«አዎ ሉባባዬ፣ ሮብ! ሮብ ነው ቀጠሯችን!»
ካርዷ ላይ በደማቁ፦ «ተናገረች! የቀጠሮ ቀኗን ጠየቀች።»

ረሒማ መጋረጃውን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች።
«አንቺ ልጅ፣ ጉማሬ እኮ ነው ያለችሽ!
በኛ ቋንቋ ሮቢ ቀኑም ነው፣ ጉማሬውም።»
ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን አበሰች። አይዞሽ አላለችኝም።
«ሰባት ዓመት ቆጥባ ያወጣችውን ቃል
ካላንደር ላይ ሰቀልሽባት። ሮብ ስትመጣ ይቅርታ ጠይቂያት።»

ሮብ መጣች።
አጭሯ በርጩማ ላይ ሆኜ፣ በተሰባበረ አፋን ኦሮሞዬ፣
ጉማሬውን እንዳላወቅኩት ነገርኳት።
ረጅም ሰዓት አየችኝ።
ከጉማሬው አጠገብ ቀጭን ነገር ሣለች፣ ነጭ ልብስ የለበሰ፣
ውሃው እስከ አንገቱ የደረሰ።
እኔ ነኝ። ዓይን አለኝ፣ አፍም አለኝ፣ ትልቅ አፍ።
ጆሮ አልሠራችልኝም።

የልምምድ ጊዜዬ በነሐሴ አለቀ።
በመጨረሻው ሮብ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ
አንድ ጆሮ ጨመረችልኝ። አንድ።
ትምህርት ቤት ትናገር እንደሆነ አላውቅም፤ መስከረም ገና ነው።

ካርዷ ላይ፣ ከፊርማዬ በታች፣ እንዲህ ጻፍኩ፦
«ለቀጣዩ ተለማማጅ።
ቀይ እርሳስ ገዝቻለሁ፣ ሁለት።
አጭሯ በርጩማ ያንተ ናት።»