ባዶው መስመር

ሰኔ ነው ናሺክ ላይ፤ ዝናቡ ከቆርቆሮው ይጣላል፣
ጸሐፊው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።
“የእናት ፊርማ ይኸው፤ የአባትስ የታለ?”
ጣቱ እንደ ዝንብ ከባዶው መስመር ላይ ዋለ።

“ተለያይተናል” አለች ሱሩቺ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
“ችሎቱም ቀጥሮናል፤ ገና ነው፣ ክረምቱ ሲነጋ።”

“ያለ ሁለት ፊርማ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፤
እኔስ ባዝንልሽ፣ እሱ ሰው አይደለም።”

“ሰውማ ነው” ልትል ከንፈሯ ተላቆ ነበር፤
ስለ ማሽኑ መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው።

“የኔ ልጅ፣ ሙሉ ስምሽ?”
“ኦቪ።”
“ኦቪ ማን?”
በዚያም አገር ስም ያለ አባት አይሞላም።
ልጅቱ እናቷን አየች፤ ቀጥላም ጣሪያውን፤
እግሮቿ ከወንበሩ ተንጠልጥለው፣ ጫማዋ እያንጠባጠበ፣

“አባቴ ዝናብ ሲጥል ይደውላል” አለች።

ዝናቡ ይጥላል።
ሦስቱም የሱሩቺን ቦርሳ አዩ።
ስልኩ ዝም።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ መሳቢያው ውስጥ እርሳስ ፈለገ፤
ባዶው መስመር ላይ፣ በቀጭኑ፣
“ይጠበቃል” ብሎ ጻፈ፤
ተነሥቶም መስኮቱን ዘጋ፣
ወጨፎው ቃሉን እንዳያርሰው።