ባሕሩ እስኪመለስ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ግድም፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከዳር፣
ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፣ ጭቃው ላይ፣ እንደ ነፍሰ ጡር።
ጨው ሸተተ፣ ዝቃጭ ሸተተ፣ የሞተ ሸርጣን ከረፋ፣
የቺሎዌ ዝናብ አባራ ስንል ደግሞ አካፋ።
«ስድስት ሰዓት ነው ያለን» አለች ኤርሲራ፣ መፋቂያ እየሳለች፣
«ባሕር ቀጠሮ አያዛባም።» ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

የወንድሟ ጀልባ ናት፤ የሟቹ፣ የዴልሚሮ።
ዘጠኝ ዓመት በአንድ መንደር፣ ሰላምታ የሌለበት ኑሮ።
በበር ነው የተጣሉት። አዎ፣ በበር።
እናታቸው በሞተች ሰሞን፣ ሰማያዊው የጓሮ በር
ከመቃኑ ተነቅሎ ጠፍቶ ነበር።
«አንተ ነህ» አለችው፤ እሱ ግን ቃል አልመለሰ፣
በሩ በነበረበት በኩል ነፋስ እንዳሻው ነፈሰ።
ሌላ በር አላስገጠመችም፤ በእልህ ብርድ ልብስ ሰቀለች፣
ማን ሰረቀሽ ለሚላት ሁሉ በአገጯ ወደቡን አመለከተች።

እንግዲህ እንፋቅ።

ዛጎሉ ሳንቃውን ነክሷል፣ እንደ ክፉ ሐሜት፣
አንዱን ስነቅል ከሥሩ ሌላ፤ የአራት ዓመት ክምችት።
አረንጓዴ ጸጉር አብቅላለች፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣
በአይጥ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፣ ሲነፋ ያየሁት ሸራዋ።
ጎረቤቱ ዶን ሊዛርዶ፣ የባሕር ሣር ሲለቅም መጥቶ፣
«አቃጥሏት፣ ማገዶ ናት» አለ፤ ሄደ፣ መልስ አጥቶ።
መዳፌ ደማ። ዛጎል ምላጭ ነው፤ ጨው ገባበት፣ ጮኽኩ።
«ሽናበት» አለችኝ። አፈርኩ። ሳቀች። ኋላ እኔም ሳቅኩ።

አራት ሰዓት ከፋቅን ወዲያ፣ ከአከርካሪዋ ሥር አጎንብሼ፣
አንድ ሳንቃ ድምፁ ተለየኝ፤ ደግሜ ፋቅኩት ተመልሼ።
ከዝቃጩ ሥር፣ ከሬንጁ ሥር፣
ሰማያዊ።
ሌላው እንጨት ቀይ ነው፣ የደሴቱ፤ ይኼኛው ነጭ ጥድ፣
የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ በቡሽ የተወተፈ፣ ግድግድ።

ጠራኋት። መጣች። ተንበረከከች ጭቃው ላይ።
ጣቷን ቀዳዳው ላይ አሳረፈች፤ ቆየች ቀና ሳትል፣ ስታይ።
«በዚች ነበር የምናጮልቀው፣ እናቴ ስኳር ስትደብቅ፤
ተራ በተራ። እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እስክስቅ።»
ከዚያ «ሌባ» አለች። ስድብ አይመስልም፤ በቁልምጫ ነው የጠራችው፣
አራት ክረምት አፈር የለበሰውን፣ ማታ እንደሚመጣ ሰው።

«ይነቀል?» አልኩ፣ መዶሻ ይዤ። አልሰማችም፣ ወይ ሰምታ ተወች፤
ቃጫውን በስንጥቁ ዳር በብረት ጠቀጠቀች፣
ሬንጁን አሙቃ አፈሰሰች።
ሆዷን በሙሉ ቀይ ቀባነው፤ እኔ ግራውን፣ እሷ ቀኙን።
በሩን ግን ብቻዋን ቀባች፣
ሁለት ጊዜ።

ውሃው መጣ ኮቴ ሳያሰማ፣ ቁርጭምጭሚታችንን ነካ፤
ጀልባዋ አቃስታ ቀና አለች፤ ነፍስ ቀርቷት ኖሯል ለካ!
ወዲያው ማፍሰስ ጀመረች፣ በየመገጣጠሚያዋ።
የደረቀ እንጨት እንዲህ ነው፤ ጠጥቶ እስኪያብጥ ያነባል፣
ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ መቅዳት ያሻል።
በሩ በኩል ብቻ ደረቅ ነው። ነካሁት። ዝም አልኩ።

ሲመሽም እዚያው ነበርን፤ እሷ በድስት፣ እኔ በቆርቆሮ፤
«ነገ አናጢ ጥራልኝ» አለች፣ «በር ያስፈልጋል ለጓሮ።»
ዝናቡ ደግሞ አካፋ።
ቀዳን፤ ደፋን።