አሥራ አንድ ሰዓት

ጥር ነው፤ ዱሉት። የሐይቁ ዳር በረዶ ሆኖ ረግቶ፣
ነፋስ የለም፤ አየሩ ከኮረብታው ሥር ተኝቶ፣
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አይሊ ሃርዩላ
የትምህርት ቤት አውቶቡሷን ታሞቃለች ከቤቷ ኋላ።
ጭሱ ይወጣል፤ መሄጃ ግን የለውም፤
የሰማዩ ጣራ በዚህ ሰዓት ዝቅ ያለ ነው፣ አያሳልፈውም።
ቀትር ላይ ፀሐይ ጣራውን ስታነሣው፣
ያው ጭስ፣ ያው ልክ፣ በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ ማን ያስታውሰው?
ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤
ሌሊት ያገዘው ካርቦን የማማውን መለኪያ ያስበረግጋል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማለቴ፣ አውቃለሁ፤
የከተማዋን የዓመት ጭስ ግን እኩል ቆራርሻለሁ፦
ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ድርሻ፣
ለንጋት የቀትርን ያህል፣ ለእሑድ የሰኞን ጉርሻ።
ድምሩ ልክ ነው። ግራም አልጎደለም።
ማማው ከሚለካው ጋር ግን አንድ ቀን አልገጠመም።

ሉንድ «ጫካው ነው» አለ፤ «ዛፍ ሌሊት ይተነፍሳል።»
በጥር? እስከ ወገቡ በረዶ የዋጠው ጥድ ስንት ይተነፍሳል?
አህያውን ፈርተን ዳውላውን ደበደብን፤
የመኪናን ዕዳ በጥድ ስም መዘገብን።

እሺ ብዬ ለጭሱ ሰዓት ሰጠሁት፤
ማሞቂያ ሲነሣ፣ መንገድ ሲጨናነቅ፣ አንድ በአንድ ጻፍሁት።
ባሰ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሰ።

እስከዚያ ሌሊት ድረስ። የአይሊ ሞተር ቀስቅሶኝ
የእጅ ሰዓቴን አየሁ፦ አሥራ አንድ፤ አባቴ እንዳስተማረኝ
ጠዋትን ከአንድ የሚጀምር፣ እዚህ ማንም የማያነበው።
ስክሪኑም፣ በግሪንዊች፣ አሥራ አንድ ነው የሚለው።
እኔ የጻፍሁለት ግን አምስት። የዱሉትን አምስት።
አይሊ ገና ትራሷን ስታስተካክል ማታ፣
ጭሷን ለቅቄላት ነበር፣ ቁልፉን ሳትነካ፣ ተኝታ።
የማታውንም ግርግር፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ያለውን፣
ከቀትር በፊት ዘርቼ ፀሐይ በትናው ኖሯል ሁሉን።

አንዲት መስመር አረምሁ። ግራፉ ንጋት ላይ ተነሣ፣
ማማው ካለው አጠገብ ደረሰ፤ ጥዱም ከክሱ ነፃ።
ሉንድ መነጽሩን ወልውሎ ሁለት ጊዜ አየው።

ነፃ ስል፣ ከሞላ ጎደል፤ ትንሽ ቁጥር ይተርፋል፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው። እሱም ሰዓት ይኖረዋል።
መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ፤
ነገ ከአይሊ በፊት ማን እንደሚያሞቅ አዳምጣለሁ።