የሻማው ቀለበት

ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፤
የሲክስተን ጋራዥ በር አይላወስም ያለ መዶሻ ምት።
ውስጡ አንድ ፖንቲያክ በክሪክ ተሰቅሎ፣
ሆዱን ለአምፖል ሰጥቶ፣ አንጀቱ ተንጠልጥሎ።
እኛ ከሥሩ ነን፣ በጀርባ፣ ካርቶን ላይ፤
ሁለት የመጋዝ ቤት ጡረተኞች፣ አፍንጫችን ቀይ።

ካምቢዮው ወጥቶ ገባ፣ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ።
ሲክስተን ዝም ብሏል፤ የእርሱ ስድብ ነው ትካዜ።
ጥርሱን ቆጥረናል፣ መቶ ስልሳ ስድስት፤
መሀል ላይ ተሳስተን፣ እንደገና ከአንድ፣ ከሁለት፣ ከሦስት።
ፍሌክስ ፕሌቱን ገልብጠን አይተናል፤ ፊቱ ፊት ነው።
ታዲያ ምን ጎደለው?

ኮንቨርተር በጉልበት፣ በግፊያ አይገባም፤
ገፋ፣ ዞር፣ ገፋ፣ ዞር፤ ካልታገሡት አይግባባም።
አንዴ ቋ ይላል፤ ያ የዘንጉ ጥርስ ነው።
ደግሞ ቋ ይላል፤ ያ የመካከለኛው።
ሦስተኛው ቋ ግን ከፓምፑ ነው የሚመጣ፣
ጆሮ ሳይሆን መዳፍ የሚሰማው ጣጣ።
ሦስቱንም ሰምተናል፣ ሦስቱንም፣ በመዳፍ፤
ከፍሌክስ ፕሌቱ ጋር ግን አልተገናኘም አፍ ለአፍ።
ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ሚሊሜትር ነው የሚፈቀደው፤
ሲክስተን ለካ፦ ዘጠኝ። ደግሞ ለካ፦ ዘጠኝ ነው።

‹ብሎኑን እንሰር› አለ፣ ‹ሲጠብቅ ይስበዋል።›
‹ይስበዋል› አልኩት፣ ‹ከዚያ ይሰብረዋል።›
ቀጭን ብረት ነው ያ፤ ዛሬ እሺ ብሎ ጎብጦ፣
ሰኔ ላይ፣ መንገድ መሀል፣ ያንኳኳል ተቆርጦ።
ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤
የሰበርኩት ፓምፕ ነው። ዋጋውን ባለቤቴ ዛሬም አትረሳም።

መብራቱን አቀረብኩ። የኮንቨርተሩ አፍንጫ
ክራንኩ ጉድጓድ ውስጥ ይዋልላል፣ እንደ ዘነዘና በሰፊ ሙቀጫ።
ሞተሩ ከአንድ ዘመን፣ ካምቢዮው ከሌላ፤
አስታራቂ ከሌለ አይስማሙም በሌላ መላ።
‹መሀል የሚገባ ቀለበት ነበረ፣ ወፍራም፣ የብረት፤
ሳጥኑ ሲከፈት አይቼዋለሁ፣ ከብሎኖቹ ጋር በከረጢት።›
‹አሥራ አራት ዓመቱ!› አለ ሲክስተን። ዝም አልን።
ቆርቆሮ ገለበጥን፤ ምስማር በተንን፤ የሞተ አይጥ አገኘን።

ሾርባው በረደ ብላ ማይቮር ጠራችን፤ ገባን።
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በመስኮቱ ጨለማ አየን፤
በጨለማው ፊት አንዲት ሻማ፤ ከሻማዋ ሥር
ስድስት ቀዳዳ ያለው፣ ሰም ለብሶ የሚያምር
ቀለበት።
           ሲክስተን ማንኪያውን አስቀመጠ።
የጆሮው ጫፍ እንኳ መልኩ ተለወጠ።
‹ምነው?› አለች ማይቮር። ‹ከዚያ ከአሜሪካ ሳጥንህ ነው፤
ስጦታ መስሎኝ፣ ‹ደግ ሰዎች› ብዬ፣ የምስጋና ካርድ ጽፌላቸው ነው።›

አልሳቅንም። ሾርባውን ጨርሰን፣ ሻማዋን አጥፍተን፣
ሰሙን በቢላ ጫፍ፣ ቀሪውን በቤንዚን ጠርገን፣
ቀለበቱን ክራንኩ ላይ አስገባን፤ ልክ! እንደ ጣት በጓንት።
ካምቢዮው ተነሣ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ ክፍተቱ አራት።
ሦስቱም ብሎን ገባ። በጣት። ያለ ቁልፍ።
ሲክስተን ከሥሩ አልወጣም፤ ተኝቶ ቀረ፣ ትንፋሹ ጭስ ሲያተንን ወደ ጣሪያው ጫፍ።

በማግስቱ ከቤቴ ያንን የሰበርኩትን ፓምፕ ይዤ መጣሁ፣
አንዱን የጥርስ ጎማ አጥቤ፣ ለመስኮቷ ሰጠሁ።
‹አልገባም› አለች ማይቮር፣ ሻማ እየገፋች።
‹አትግፊው› አላት ሲክስተን፣ ‹ቋ እስኪል አዙሪው።› አዞረች።
‹ሻማ ቋ አይልም› አለች።
ሻማዋ ግን ቆመች።