ሃያ ሰባት ደቂቃ

መጋቢት ላይ መጡ፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም፣
በረዶው ላይ መስመር ጣሉ። ከመስኮቴ አየሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ቦታ ቤንዚን ቀድቻለሁ፣
የእያንዳንዱን መኪና ሳል ሳላየው አውቃለሁ፤
ቶርጉን ሒሳብ ትይዝ ነበር፣ እኔ ቱቦ እይዝ ነበር፣
ማደያው ተዘጋ፤ በዓመቱ እሷም። ቀረን እኔና ጠባቡ ባሕር።

የሱቁን የዱቤ ደብተር አወጣሁ፣ ግማሹ ባዶ ነው።

«ማክሰኞ። ኤስካቫተር መጣ። ሾፌሯ የራግንቫል ልጅ ኢንግቪል ናት።
ረቡዕ። መሬቱ በውርጭ ብረት ሆኗል። የማሽኑ ጥርስ ተሰበረ። ሄዱ።»

በግንቦት ምድሩ ለስልሶ፣ አጉረምርሞ እጁን ሰጠ፣
ኢንግቪል ቆፍራ ቆፍራ የብረት ሆድ ተገለጠ፤
የኔው ጋን ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ሊትር የሚውጥ፣
በሰንሰለት ታንቆ ወጣ፣ እንደ ሞተ ዓሣ ነባሪ፣ ጭቃ ከጎኑ ሲያመልጥ።
ሽታው መንደሩን አዳረሰ፤ አፍንጫቸውን ያዙ ሁሉ።
እኔ መስኮቴን ከፈትኩ። የቶርጉን እጅ ነው ጠረኑ፣
በሳሙና ታጥባ እንኳ፣ እሑድም፣ ለበዓሉ።

«ሐሙስ። መርማሪዎች አፈሩን በላስቲክ ከረጢት ወሰዱ።
ስንት መርዝ እንዳለበት ይለካል አሉ።
ማን እንዳፈሰሰው አልጠየቁኝም። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

ከዚያ ሪማንታስ መጣ፣ ከሊትዌንያ፣ ኬብል ዘርጊ፤
ክንዴን የሚያህል ጥቁር ገመድ፣ ከባድ፣ ለመታጠፍ እንቢተኛ።
አንድ ቀን ውሃ ሊለምን በሬን አንኳኳ፣
ዓይኑ ደብተሬ ላይ አረፈ። «ሽማግሌ፣ ፖሊስ ነህ እንዴ?»
«አይደለሁም። የድሮው ቱቦ ያዥ ነኝ።»
ሳቀ። «እንግዲህ ያንተን ቱቦ ነው የምቀብረው።
ይሄኛው አይሸትም፣ አይንጠባጠብም።»
ብርጭቆውን አጥቦ መለሰልኝ።

ትራንስፎርመሩ በመርከብ ደረሰ፤ የሌላ ከተማ ሆኖ ተገኘ፤
ተመልሶ ሄደ። ሦስት ሳምንት አንድ አካፋ አልተንቀሳቀሰም።
ትክክለኛው ሲመጣ ደግሞ አራት ነጭ ምሰሶ
በላስቲክ ተሸፋፍነው ቆሙ፣ ሰርጉ እንደ ዘገየባት ሙሽራ፣
ሁሉ ተሰናድቶ፣ ሁሉ ተጠርጎ፣ የጎደለው ቆጣሪው ብቻ።
የመብራት ኃይሉ ሰው «ነገ» አለን፤
ነገም ወለደች ነገን።

ኅዳር ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጨለማው ሲጠቀለል፣
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በራች። አላጨበጨበም ማንም፤
አንድ ውሻ ጮኸ፣ ከዚያ ተወው።
የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነርስ አስላውግ ነበረች፣
ከሰሜን ደሴቶች፣ ከአሥራ አንድ አልጋ፣ ከአንድ ሬሳ የተመለሰች።
ገመዱን ሰካች፣ መሪው ላይ ግንባሯን ደገፍ አደረገች።

ፈጣን ነው ብለው ነበር። በግድግዳዬ ሰዓት ቆጠርኩ፤
ሃያ ሰባት ደቂቃ።
ቤንዚን ሦስት ደቂቃ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
የሰው ወሬ ጅራቱን አይቼ አላውቅም፤
«ልጄ ታሞ…» ይላል፣ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ ይሄዳል።
ልጁ ዳነ? ሞተ? እስከ ዛሬ የማላውቃቸው
ስንት ልጆች አሉ።

ከጓሮ የቶርጉንን አግዳሚ ወንበር ጎተትኩ፣
አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ድንጋይ አስደገፍኩት።
በማግሥቱ ከኩባንያው ደወሉ፤ «ፕላኑ ላይ ወንበር የለም።»
«አዎ፣ የለም» አልኳቸው፣ ስልኩን ዘጋሁ።

«ዓርብ። ዲትማር የሚባል ጀርመናዊ። ስለ ወንድሙ ይነግረኝ ጀመር፣
ጀልባ ሰርቆ ስለ ጠፋው።
መኪናው ሞላ፣ ስልኩ ጮኸበት።
አየው። ወደ ኪሱ መለሰው።
‹ከዚያማ› አለ…»