የውሰት መጋዝ

ዱሉት በመጋቢት፣ ሐይቁ እንደነጣ፣
ከኦርቪል ጋራዥ ውስጥ አንድ ሳንቃ ወጣ፤
ጉጣም ጥድ። «ብትሳሳት» አለኝ፣ «እንጨት አያኮርፍም»፤
መጋዙን ብጨብጥ እጄ ከቶ አያርፍም።

ሁለት ጎን፣ አንድ ወለል፣ ሁለት ራስ እንደ ጎጆ ጣራ፤
ቀዳዳው ከቀዳዳው ትይዩ እንዲሆን ሦስቴ ለክቼ ስፈራ።
መያዣው፣
ክረምቱን ሙሉ ከደጅ በረዶ ዝቆ ዝቆ
የተሰበረ የአካፋ እጀታ ነው፣ ጫፉ በመጋዝ ታርቆ።

ሦስተኛው ሚስማር ላይ አውራ ጣቴን መታሁ፣
ከኦርቪል ቀድሜ የራሴን ሳቅ ሰማሁ።
ኮላው ደረቀ። ሳጥኑ ቆመ፤ ግን እንደ አንካሳ በርጩማ ይወዛወዛል፣
ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ወለሌ ነው የተጣመመው» ይላል።

ሲመሽ መሣሪያውን በሙሉ ጫንኩበት፤
መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ መላጊያ። ከበደ፣ ቻለ፣ ደስ አለኝ በውነት።
አንጠልጥዬ አምስት እርምጃ፣ እስከ ግድግዳው ስር፣
እያንዳንዱን ለባለቤቱ መለስኩ፣ ወደየተሰቀለበት ሚስማር።

ቤት የገባሁት ባዶ ሳጥን ይዤ ነው፤
የኔ የምለው መዶሻ ገና የለኝም።
ጆሮዬ ላይ የረሳኋት የሱ እርሳስ ብቻ
ከጥግ ጥግ ትንከባለላለች፣
በዘመመው በኩል ታርፋለች።